ዓይን የሚማርበት ክረምት

አንባቢዎቼ ሆይ፤ እነሆ ሐምሌ ገባ። ተማሪው ፈተናውን ጨርሶ ደብተሩን ከአልጋው ሥር ወሸቀ። የመሥሪያ ቤቱ ወጣት ጸሐፊም የበጀት ዓመቱን ሒሳብ ሰኔ 30 ቀን ዘግቶ፥ ሐምሌ 1 ቀን አዲሱን መዝገብ ከፈተ። ዝናቡ ደግሞ ተማሪና ሠራተኛ ሳይለይ ሁሉንም በታክሲ ሰልፍ ላይ ያገኛቸዋል።

በዚያ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ዙሪያችሁን ተመልክታችሁ ታውቃላችሁን? ሁሉም ጥላውን በአንድ እጁ፥ ስልኩን በሌላው ይዞ አንገቱን አቀርቅሯል። ከስልኩም ውስጥ የሚታየው ሌላ ሐምሌ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ሐምሌና ነሐሴ የፀሐይ ወራት ስለ ሆኑ፥ ሰዎቹ የበፍታ ሸሚዝ ለብሰው፥ የገለባ ባርኔጣ ደፍተው፥ በባሕር ዳርቻ ባዶ እግራቸውን ይሄዳሉ። የእኛም ጎልማሳ በጭቃ መካከል ቆሞ ያንን ያደንቃል፤ ደመወዝ የተቀበለ ዕለትም ሄዶ ነጭ የሸራ ጫማ ይገዛል። ያ ነጭ ጫማ ከመገናኛ ተነሥቶ አራት ኪሎ ሳይደርስ የጭቃ ካርታ ይሆናል።

ይህን ስል የባዕድ ሀገር ነገር አትመልከቱ ማለቴ አይደለም። ተመልከቱ፤ ደስም ይበላችሁ። ነገር ግን ያ የውጭ ሀገር ልብስ ቀያሽ ሥራው ሕይወት ያለው የሚመስለው፥ የራሱን ወር፥ የራሱን ባሕርና የራሱን ብርሃን አጥብቆ ስለ ተመለከተ ነው። ከእርሱ የምንወስደው ነገር ካለ ጫማውን ሳይሆን አመለካከቱን ነው። ብዙዎቻችሁ «ጥበብ፥ ፋሽን፥ የቤት አያያዝ የሚባለው ሁሉ ገንዘብ ላለው ሰው ነው» ስትሉ እሰማለሁ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ዓይን እንደ እጅ ጽሕፈት ነው፤ ካልተለማመደ ይዘባረቃል፤ ከተለማመደ ግን በተራ እርሳስም ቢጻፍበት ያምራል። ለዚህ ልምምድ ደግሞ ከዓመቱ ወራት ሁሉ ይህ የምናማርረው ክረምት ይበልጣል።

ለምን እንደ ሆነ ላስረዳችሁ። በበጋ ፀሐይዋ ከአናት ላይ ቆማ ስትወርድ፥ ግድግዳው ያንጸባርቃል፤ ጥላውም ይጠቁራል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ቀለም ሁሉ ይጠፋል። በክረምት ግን ደመናው እንደ ነጭ መጋረጃ ተዘርግቶ ብርሃኑን ያጠልለዋል። ብርሃኑም ከአንድ አቅጣጫ መሆኑ ቀርቶ ከሰማይ ሁሉ እኩል ይወርዳል። በዚህ ላይ ዝናቡ የነካው ነገር ሁሉ ቀለሙ ይጠልቃል። ደረቅ ድንጋይ ሻካራ ገጹ ብርሃኑን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ስለሚበትነው ገርጥቶ ይታያል፤ ውሃ ሲለብስ ግን ይህ መበተን ስለሚቀንስ እውነተኛው መልኩ ይወጣል። ትናንት ግራጫ የነበረው የኮብልስቶን መንገድ ዛሬ ሰማያዊም፥ ቡናማም፥ ወይን ጠጅም ሆኖ የምታገኙት ስለዚህ ነው። የዛገው ቆርቆሮ፥ ልጡ የተላጠው የባሕር ዛፍ ግንድ፥ የጡብ አጥር፥ በየማእዘኑ በከሰል ላይ የሚጠበሰው በቆሎ፥ ሁሉም እንደዚሁ ነው።

ስለዚህ አንድ ቀላል ነገር ልስጣችሁ። ከቤት እስከ መሥሪያ ቤት ወይም እስከ ቤተ መጻሕፍት ባለው መንገድ በቀን አንድ ቀለም ብቻ ፈልጉ። ሰኞ አረንጓዴ ይሁን። በመጀመሪያው ቀን «አረንጓዴ፥ አረንጓዴ» እያላችሁ ትቆጥራላችሁ። በሁለተኛው ሳምንት ግን የባሕር ዛፍ ለጋ ቅጠል ወደ ሰማያዊ እንደሚያደላ፥ የኮባው ቅጠል በውስጡ ቢጫ እንዳለበት፥ የጎመኑ ደግሞ አመድ የተነሰነሰበት እንደሚመስል ትደርሱበታላችሁ። አያቶቻችን ይህንን ያውቁ ነበር። የከብቱንና የፈረሱን መልክ ዳማ፥ ዳለቻ፥ ቡላ እያሉ የሚለዩት ዓይናቸው ስለ ሠለጠነ ነው። እኛ ግን ለአንድ ሻርፕ ቀለም ስንጠየቅ «ዝም ብሎ አረንጓዴ ነገር» ብለን እናልፋለን። ከዚያ በኋላ ከኮታችን ጋር አልስማማ ሲለን ነጋዴውን እንወቅሳለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ዝናብ በጣለበት የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፥ የእናታችሁን ወይም የአያታችሁን የክት ነጠላ በፈቃዳቸው ከሣጥን አውጡና በመስኮት አጠገብ ዘርጉት። ሁልጊዜ ስለምታዩት አይታችሁት አታውቁም ይሆናል።

በመጀመሪያ የሚታየው ነገር ነጩ ነው። ከጨርቁ ውስጥ እጅግ የሚበዛው ክፍል ምንም ጌጥ የለበትም፤ ጌጡ ሁሉ ወደ ጠርዙ ተሰብስቦ ጥለት ሆኗል። ሠሪው ክር ቸግሮት አይደለም። መካከሉ ዝም ስላለ ነው የጠርዙ ድምፅ የሚሰማው። ይህንን አንድ ነገር ብቻ ልብ ያለ ወጣት፥ ለልብስ ምርጫ የሚሆነው ትምህርት ከሞላ ጎደል አለቀለት ማለት ነው። ባለ መስመር ኮት፥ ባለ አበባ ከረቫት፥ ባለ ነጠብጣብ ሸሚዝ፥ ቢጫ ካልሲ፥ ሁሉም ባንድ ገላ ላይ ሲጮኹ ሰውየው ራሱ አይሰማም። አንድ ጠቆር ያለ ሱሪና አንድ ነጭ ሸሚዝ ያለው የዝቅተኛ ደረጃ ሠራተኛ፥ ቀለም ያለውን ነገር በአንድ ቦታ ብቻ ቢያኖር፥ ማለት በአንገቱ ወይም በእጁ በያዘው ማኅደር ላይ ቢያደርገው፥ ከባለ ሦስት ሱፍ ልብሱ ባልደረባው ይልቅ ይማርካል።

ሁለተኛው ነገር አሠራሩ ነው። ጥጡን በእንዝርት የምትፈትል ሴት ናት። ሸማኔው ከመሬት በተቆፈረ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ፥ እግሮቹን ወደ ውስጥ ሰዶ መርገጫውን እየረገጠ፥ ድሩን ከፍ ዝቅ እያደረገ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ይልከዋል። ነጩን ሲሠራ ፍጥነት አለው፤ ሲሰማም እንደ ዜማ ምት ነው። ጥለቱ ጋ ሲደርስ ግን ያ ምት ይቆማል። የድሩን ክሮች በጣቱ ይቆጥራል፤ የሚፈልጋቸውን ያነሣል፤ ባለ ቀለሙን ክር በመካከላቸው ያስገባል፤ ይመታል፤ እንደ ገና ይቆጥራል። ከፊቱ የተዘረጋ የሥዕል ወረቀት የለም፤ ቁጥሩ ሁሉ በራሱ ውስጥ ነው። በአንዱ ረድፍ አንድ ክር ቢሳሳት፥ ስሕተቱ ከዚያ በላይ ባለው መስቀልና ባለ ሦስት ማእዘን ሁሉ ላይ እየወጣ ይታያል። በመዝገብ ላይ አንድ አኀዝ አሳስቶ እስከ ገጹ ግርጌ ድረስ ድምሩ የተበላሸበት የሒሳብ ሠራተኛ ይህ ምን እንደ ሆነ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ሦስተኛው ደግሞ ነጠላ ቋንቋ ያለው ልብስ መሆኑ ነው። ሐዘን የደረሰባት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጥለቱን ወደ ላይ ስታደርገው፥ ያያት ሁሉ ሳይነገረው ይረዳል። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ትከሻውና ደረቱ ላይ አመሳቅሎ ይለብሰዋል። በትልቅ ሰው ፊት የሚቆም ወይም የሚያስተናግድ ደግሞ ያደገድጋል። ልብሱ ያው አንድ ልብስ ነው፤ የተለወጠው አጣጣሉ ብቻ ነው። የዓለም ፋሽን ቤቶች በየዓመቱ አዲስ ልብስ እያወጡ የሚናገሩትን፥ የእኛ እናቶች በአንድ ጨርቅ ይናገሩታል።

እንግዲህ የሚያሳስበኝን ነገር ልንገራችሁ። በዛሬው ገበያ በውጭ ሀገር ፋብሪካ የጥለት ሥዕል የታተመበት ጨርቅ በብዛት ይገኛል። ከሩቅ ሲያዩት ጥለት ይመስላል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ደመወዟ ለቤት ኪራይና ለምሳ የማይተርፍ ወጣት ያንን ገዝታ ለበዓል ብትለብስ እኔ አልነቅፋትም። የምነቅፈው የታተመውን የእጅ ሥራ ነው ብሎ፥ በእጅ ሥራ ዋጋ የሚሸጠውን ነው። የበለጠ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ብዙዎቻችን ሁለቱን መለየት ስለማንችል፥ ሐሰተኛው ዕቃ ከእውነተኛው ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ ሲሰቀል ዝም ብለን ማለፋችን ነው። የገዢው ዓይን ካልለየ ሸማኔው ቆጥሮ ለምን ይደክማል? ልጁስ ያንን ቁጥር ለምን ይማራል?

መለየቱ ግን ቀላል ነው። ጨርቁን ገልብጡት። የተሸመነ ጥለት በጀርባውም በኩል አለ፤ ክሮቹ ሲሻገሩ ይታያሉ። የታተመው ግን ቀለሙ በፊቱ ላይ ብቻ ደምቆ ጀርባው ይገረጣል። ይህ ካላጠገባችሁ ከጠርዙ ባለ ቀለሙን አንድ ክር በቀስታ ሳቡ። የሸማኔው ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ ከሆነ ቀይ ነው፤ የታተመው ግን እዚህ ቀይ፥ እዚያ ነጭ ሆኖ እንደ ዥጉርጉር እባብ ይወጣል። ከዚህም በቀር የእጅ ሸማ ስፋቱ በሸማኔው ክንድ ልክ ስለሚወሰን፥ ብዙ ጊዜ ሁለት ስንጥቅ ተጋጥሞ በመካከሉ ስፌት ይገኝበታል። ጥልፍንና ጥለትንም አታደባልቁ፤ ጥልፍ ካለቀ ጨርቅ ላይ በመርፌ የሚሠራ ነው፤ ጥለት ግን ከጨርቁ ጋር አብሮ ይወለዳል።

አዲስ አበባ ያላችሁ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ሽሮ ሜዳ ድረስ ብትሄዱ፥ ይህንን ሁሉ በዓይናችሁ ልታዩ ትችላላችሁ። በዚያ አካባቢ ከሚሠሩት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፥ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ወይም የመጡ ሰዎች ልጆች ናቸው። ለእንቁጣጣሽ የሚሆን ልብስ ማሠራት ለምትፈልጉም፥ በጳጉሜን ሳይሆን በሐምሌ እዘዙ። የበዓል ዋዜማ ጥድፊያ ለሠሪውም ለገዢውም አይበጅም። ሙሉ ቀሚስ ለማሠራት አቅም ያላገኘች፥ ጠባብ ጥለት ያለው አንድ የአንገት ሻርፕ ታሠራ። በመሥሪያ ቤት ኮት ላይ እንደዚያ የሚያምር ነገር አላየሁም።

በዋጋ ስትከራከሩ ግን አንድ ነገር አድርጉልኝ። ሸማኔውን «ይህ ስንት ቀን ፈጀ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዋጋው ላይ የክሩን ወጪ ቀንሱና የቀረውን በነገራችሁ ቀናት አካፍሉት። ከዚያም ከራሳችሁ የቀን ደመወዝ ጋር አስተያዩት። ይህ ሒሳብ ከተሠራ በኋላ «ቀንስልኝ» የሚለው ቃል ከአፍ ሲወጣ ትንሽ ይከብዳል።

ይህንን የምለው ባለፈው ዘመን ለእጅ ሠሪ የነበረን አስተያየት ስላልጠፋ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ቆዳ የሚያለፋውን፥ ሸማ የሚሠራውን በሙያው መስደብ የተለመደ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህንን ስድብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ። በዐዋጁ ላይ ከተዘረዘሩት ተሰዳቢዎች መካከል ብረት ሠሪና ሸማኔ ብቻ ሳይሆኑ ጸሐፊም ነበረ፤ የሚጽፈውን ሰው ጠንቋይ ይሉት ነበርና። ስለዚህ እናንት በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የምታረቅቁ ወጣቶች፥ ከሸማኔው ጋር በአንድ ዐዋጅ ከለላ የተሰጣችሁ ዘመዳሞች መሆናችሁን አትርሱ።

ሸማኔው በክር የሚያደርገውን ሠዓሊ በብርሃን ሲያደርገው ማየት የሚፈልግ ደግሞ የአፍሪካ አዳራሽን መስኮት ያስብ። ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የቀየሰው ይህ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚያ ነው፤ ታድሶም በ2017 ዓ.ም. እንደ ገና ተከፈተ። አፈወርቅ ተክሌ የሠሩለት ባለ ቀለም የመስታወት ሥዕል 150 ሜትር ካሬ ይሸፍናል። በሦስት ክፍል ተከፍሎም የአፍሪካን ሕዝብ ያለፈ መከራ፥ ትግሉንና ወደ ፊት ያለውን ተስፋ ያሳያል። ቦታው በተባበሩት መንግሥታት ግቢ ውስጥ ስለ ሆነ ፈቃድ ሳይዙ መግባት አይቻልም። ነገር ግን በመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወይም በተማሪዎች ጉብኝት ዕድሉ የሚገጥማችሁ ብትኖሩ፥ ወደ ስብሰባው ቦታ ከመሮጣችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ቁሙ። የመስታወት ሥዕል መብራቱ ሰማይ ነው። ደመና ሲያልፍ ሥዕሉ ይለወጣል፤ ጠዋት ያያችሁት ቀይ ከሰዓት በኋላ ያው ቀይ አይደለም። ከውጭ ሆኖ በቀን ያየው ሰው ግን ጠቆር ያለ መስኮት ብቻ ነው የሚታየው። ስለ ሠዓሊው አንድ ነገር ልጨምር፤ በአንኮበር የተወለዱት አፈወርቅ ገና ወጣት ሳሉ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1947 ወደ እንግሊዝ ሀገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። ሥዕል ተምረው ተመለሱ። ወላጆቻችሁ በመረጡላችሁ ትምህርትና በልባችሁ መካከል የምትዋልሉ ተማሪዎች፥ ይህንን ታሪክ ለአባታችሁ ብትነግሩ በራሳችሁ ኀላፊነት ነው።

ፈቃድ የማይጠይቀው ቦታ ስድስት ኪሎ ነው። በዩኒቨርሲቲው ግቢ፥ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዝየም ልብሱን፥ ጌጡን፥ የቤት ዕቃውን፥ የዜማ መሣሪያውንና የጥንት ሥዕለ አድኅኖውን በአንድ ጣሪያ ሥር ያሳያል። ከዚያው ሰፈር ሳትርቁ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመውን የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዝየም ታገኛላችሁ። ገብረ ክርስቶስ ሐረር ተወልዶ፥ በጀርመን ሀገር በኮሎኝ ከተማ ሥዕል ተምሮ የመጣ ሠዓሊና ባለ ቅኔ ነው። አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበር። ልጁ ግን ሰውም ዛፍም የማይታይበት፥ ቀለምና ቅርጽ ብቻ የሆነ ሥዕል ይዞ ቀረበ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው «ይህ ምንድን ነው?» አለ፤ ዛሬም የሚል አለ። እኔ የምመክራችሁ «ምንድን ነው?» ከማለት በፊት የነጠላውን ጥለት አስቡ ነው። ጥለት የምን ሥዕል ነው? ባለ ሦስት ማእዘን፥ መስመርና ቀለም ብቻ አይደለምን? እርሱን ግን «አልገባኝም» ብሎ የመለሰ ሰው የለም።

ሙዝየም ስትገቡ ሁሉን ለማየት አትሩጡ። ይህ የበዓል ምግብ ሁሉ በአንድ ጉርሻ እንደ መዋጥ ነው። አንድ ሥዕል ምረጡና ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ከፊቱ ቁሙ። መጀመሪያ የጽሑፍ መግለጫውን አታንብቡ። ዓይናችሁ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ተከታተሉ፤ ከቀለሞቹ ሁሉ ጥቂት ቦታ የያዘው የትኛው እንደ ሆነ ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ ሥዕሉን የሚያነቃው ያ ጥቂቱ ነው። በኪስ ደብተራችሁም ሁለት መስመር ጻፉ። ደብተሩን በዓመቱ ስትገልጡት ዓይናችሁ ምን ያህል እንደ ሄደ ታዩታላችሁ።

ስለ ቤት ብዙ አልልም፤ የአብዛኞቻችሁ ቤት አንድ የኪራይ ክፍል መሆኑን አውቃለሁና። ብቻ የፕላስቲክ አበባውን ከጠረጴዛው ላይ አንሡልኝ! በሀገራችን ክረምት ውሃ ጠጥቶ ሜዳው ሁሉ ሲለመልም፥ አቧራ የለበሰ የፕላስቲክ ጽጌረዳ ማስቀመጥ ምን ይሉታል? በምትኩ አንድ ትንሽ የስንደዶ ስፌት፥ ሰፌድ ትሁን ሙዳይ፥ ግድግዳ ላይ ስቀሉ። የሐረር ቤቶች ግድግዳቸውን በስፌት በማስጌጥ የታወቁ ናቸው፤ ገንዘብ ከፍለው ሥዕል ከገዙት ሳሎኖች ውስጥ ከእነርሱ የሚስተካከል ጥቂት ነው። ስፌቷ ከመካከል ጀምራ እየዞረች እንዴት እንዳደገች፥ ቀለም የገባው አለላ በየዙሩ ስንት ወስፌ እንደ ተጓዘ ቁጠሩት። ይኸም ሌላ ዐይነት ጥለት ነው።

ስለ ክረምት አለባበስም እንዲሁ ባጭሩ። ጫማ ጠቆር ያለና ሶሉ ወፍራም ይሁን። የሱሪው ጫፍ ተረከዝ ላይ አይጎተት፤ ጭቃውን እንደ ጧፍ ክር ወደ ላይ ይስበዋልና። ጥቁር ጥላ ሁሉም ሰው ስላለው በየካፌው ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ባለ ቀለም ጥላ ግዙ፤ በግራጫ ሰማይ ሥር አንድ ቀይ ጥላ ሲያልፍ መንገዱ ሁሉ ይነቃል። ማታ ቤት ስትገቡ ደግሞ በአራት ድርብ የተሠራችው ጋቢ አለችላችሁ። ጋቢ ለብሶ ማጥናትን የሚያስንቅ ምንም ዐይነት የውጭ ሀገር ሹራብ የለም።

ክረምቱ ይሄዳል። ነሐሴ 13 ቀን የቡሄ ልጆች ዱላቸውን እየደበደቡ ደጃችሁን ያንኳኳሉ፤ ከዚያም በላስታና በዋግ ልጃገረዶች በወገባቸው ዙሪያ ለምለም ቄጠማ መሳይ ሣር አሥረው ለሻደይና ለአሸንድዬ ይወጣሉ፤ ቀጥሎ አደይ አበባ ሜዳውን ቢጫ ታደርገዋለች። በእንቁጣጣሽ ጠዋት ደግሞ በየሰፈሩ ትንንሽ ወንዶች ልጆች በገዛ እጃቸው የሣሉትን ሥዕል ይዘው ይመጣሉ፤ ፀሐይ፥ አበባ፥ መልአክ ይሆናል። እኛ ብዙውን ጊዜ ሳንቲም ሰጥተን ወረቀቱን ሳናየው የሆነ ቦታ እንጥለዋለን። ዘንድሮ ግን ልጁን ደጅ ላይ ጥቂት አቁሙት። ፀሐይዋን ለምን በዚያ ቀለም እንደ ቀባት ጠይቁት፤ ይነግራችኋል። ከመጡትም ሥዕሎች አንዱን መርጣችሁ፥ ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን በጀርባው አስጽፋችሁ፥ ከስፌቷ አጠገብ ስቀሉት።